«ራሱ ይማራል» የተባለው ካምቢዮ፦ የአንድ ሲቪቲ ማስተካከያ የጉዳይ ጥናት

መኪናዋ ባለ 1.8 ሊትር የቤንዚን ሞተር የተገጠመላት፣ በፊት ጎማዎቿ የምትነዳ የቤት መኪና ናት። ከ140,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዳለች፤ ካምቢዮዋ ሲቪቲ (ማርሽ በደረጃ የማይቀይር አውቶማቲክ) ነው። ባለቤቷ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ቁልፉን ሲሰጡኝ «እባክህ ልጄ፣ ይህን ካምቢዮ አስተካክልልኝ፤ አንድ የላላ ነገር ሳይኖረው አይቀርም» አሉኝ። ከዚያ በፊት ሌላ ጋራዥ ገብታ ነበር። የግፊት ብልሽት ኮድ በማሳየቷ ቫልቭ ቦዲው (የካምቢዮውን የዘይት ግፊት የሚያከፋፍለው ክፍል) ወጥቶ ከሌላ ተመሳሳይ መኪና በተፈታ ተተክቶላቸዋል። ከሥራው በኋላ መኪናዋ እንደ ልብ አልሄድ ስትላቸው የተሰጣቸው መልስ «ራሱ ይማራል፣ ዝም ብለው ይንዱት» የሚል ነበር። ነዱት። አልተማረም።

ቅሬታቸው ሦስት ነበር። ማንሻውን ከኤን (ከነጻ) ወደ ዲ (ወደ ፊት መሄጃ) ሲያወርዱት መኪናዋ ለአፍታ ትዘገይና ገጭ ብላ ትይዛለች። ነዳጅ መስጫውን በስሱ ረግጠው በሰዓት ከ20 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ ወለሉና መሪው ይንቀጠቀጣል፤ አስፋልት ላይ ሆነው ኮረኮንች የረገጡ ይመስላቸዋል። ሦስተኛው ደግሞ ሞተሩ አንድ ድምፅ ይዞ ሲጮህ መኪናዋ ግን እየፈጠነች መሄዷ ነው።

ከኋለኛው ልጀምር፤ እሱ ብልሽት አይደለም። ሲቪቲ እንደ ሌላው ካምቢዮ ተራ በተራ የሚገቡ ማርሾች የሉትም። ያሉት ሁለት ፑሊዎች ናቸው። እያንዳንዱ ፑሊ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ሾጣጣ የብረት ፊቶች ሲኖሩት በመካከላቸው የብረት ቺንጋ ያልፋል። ፊቶቹ ሲቀራረቡ ቺንጋው ወደ ጠርዝ ይወጣል፤ ሲራራቁ ወደ መሃል ይወርዳል። አንዱ ሲሰፋ ሌላው ይጠብባል፤ በዚህም የሁለቱ ፑሊዎች የዙር ጥምርታ ከ2.35 ገደማ እስከ 0.4 ገደማ ያለ ምንም ደረጃ ይንሸራሸራል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ የሞተሩን ዙር አንድ ቦታ አስሮ ፍጥነቱን በፑሊዎቹ ብቻ መጨመር ይችላል። የዊልያምስ ፎርሙላ ዋን ቡድን ይህንኑ ጥቅም ፈልጎ በ1993 እ.ኤ.አ. ሲቪቲ የተገጠመለት መኪና በዴቪድ ኩልታርድ አሽከርካሪነት ሞክሮ ነበር፤ አንድም ውድድር ሳይገባበት የ1994 ደንብ አገደው። ዛሬ አንዳንድ አምራቾች አሽከርካሪው ማርሽ የተቀየረ እንዲመስለው ሰው ሠራሽ ደረጃ በፕሮግራም ይጨምሩበታል። ለእኔ ይህ ለጆሮ ሲባል የተሠራ ማታለያ ነው። ለባለቤቱም «ድምፁን ይልመዱት፣ ሁለቱን ግን እንመልከታቸው» አልኳቸው።

የላላ ነገር ይኖራል የሚለው ግምት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የሆላንዱ ሁብ ቫን ዶርን በ1958 እ.ኤ.አ. ያሳየው ዳፍ 600 መኪና የጎማ ቺንጋ ነበረው፤ የጎማ ቺንጋ ይላላል፣ ይወጠራል። ከዚያው ሰው ሥራ የተወለደውና በ1987 በሱባሩ ጀስቲ ላይ በብዛት መመረት የጀመረው የብረት ቺንጋ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ውፍረታቸው ከ2 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ወደ 400 የሚጠጉ የብረት ቁርጥራጮች፣ እንደ ወረቀት በሳሱ ተደራራቢ የብረት ቀለበቶች ላይ ተሰድረው የተሠራ ነው። ኃይል የሚያስተላልፈው በመጎተት ሳይሆን በመግፋት ነው፤ ቁርጥራጮቹ እየተደጋገፉ ይገፋፋሉ፣ ቀለበቶቹ ደግሞ ሰልፉ እንዳይበተን ይይዛሉ። ይህን ሁሉ ከፑሊው ጋር የሚያያይዘው አንድም ጥርስ የለም። የሚይዘው በዘይት ግፊት የሚመጣ ጭመቃና በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለች ስስ የዘይት ሽፋን ናት። ቺንጋው ለቅጽበት ከተንሸራተተ ፑሊው ይጫራል፤ የተጫረን ፑሊ ደግሞ የሚመልስ ማስተካከያ የለም።

በዚህ ምክንያት አንድ ነገር ከመጀመሪያው ላለማድረግ ወሰንኩ። ብዙ መካኒክ አውቶማቲክ ካምቢዮ ሲጠረጥር ፍሬን ይዞ፣ ዲ አስገብቶ፣ ነዳጅ እስከ መጨረሻው ይረግጥና ዙሩ የት እንደሚቆም ያያል። ጭመቃው አስተማማኝ መሆኑ ባልተረጋገጠ ሲቪቲ ላይ ይህን ማድረግ በሽተኛውን በምርመራ መግደል ነው። መጀመሪያ በስሱ እየነዱ ማየት ይበቃል።

መንቀጥቀጡ ሦስት ቦታ ሊወለድ ይችላል። ሞተሩ አንድ ሲሊንደር ሳያቃጥል ሲቀር፣ ቺንጋው ሲንሸራተት፣ ወይም በቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል በዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮው በሚያስተላልፈው ክፍል) ውስጥ ያለው፣ ሞተሩንና ካምቢዮውን በቀጥታ የሚያያይዘው መቆለፊያ ፍሪሲዮን ሲይዝና ሲለቅ። ከመቀመጫ ላይ ሆኖ ሲሰማ ሦስቱም ይመሳሰላሉ፤ በቁጥር ሲታዩ ግን ይለያያሉ። የምርመራ ኮምፒውተሩን ሰክቼ ወጣሁ። የሞተሩ ቃጠሎ ሳይቆራረጥ ይቀጥላል፤ ካንዴላ ሳይፈታ ሞተሩ ነጻ ወጣ። መንቀጥቀጡ ሲጀምር ነዳጁን ሳልለቅ በግራ እግሬ የፍሬኑን ፔዳል መብራቱ እስኪበራ ያህል ብቻ ነካሁት። መንቀጥቀጡ ወዲያው ቆመ። ፔዳሉን ስለቅ ተመለሰ። ይህች ትንሽ ዘዴ ትልቅ ነገር ትናገራለች፤ በአብዛኞቹ መኪኖች ኮምፒውተሩ የፍሬን ምልክት ሲደርሰው መቆለፊያውን ይለቃል። ቁጥሮቹም ይህንኑ ደገሙ። በመንቀጥቀጡ ወቅት የሞተሩ ዙርና የኮንቨርተሩ መውጫ ዙር ተቀራርበው ሳለ ልዩነታቸው ሽቅብ ቁልቁል ይላል፤ በሁለቱ ፑሊዎች መካከል ያለው ጥምርታ ግን ቀጥ ያለ መስመር ነው። ቺንጋው አልተንሸራተተም። እውነቱን ለመናገር ከዚህ በኋላ ነው በሙሉ ልብ መሥራት የጀመርኩት።

ቀጥሎ ዘይቱ ታየ። የዚህ ዓይነት ካምቢዮ ዘይት መለኪያ ዘንግ የለውም። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ፣ ዘይቱ ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲደርስ የታችኛው ቡሎን ይፈታል፤ ትርፍ ካለ ይፈስሳል፣ ጠብታ ሲሆን ይዘጋል። ዘይት ሲሞቅ ስለሚያብጥ ይህን በ80 ዲግሪ የሠራ ሰው ብዙ አፍስሶ ያጎድላል፤ በቀዝቃዛው የሠራ ደግሞ በሌላው ወገን ይስታል። እዚህ ላይ ቡሎኑ ሲፈታ የወረደው በጠብታ የሚያቆም አልነበረም፤ ለረጅም ጊዜ ፈሰሰ። ዘይት ሲበዛ የሚሽከረከሩት ክፍሎች ይመቱታል፣ አየር ይቀላቀልበታል፤ አየር የተቀላቀለበት ዘይት ደግሞ ግፊት አይሸከምም።

ከመጠኑ የባሰው ዓይነቱ ነው። የቀድሞው ጋራዥ ወረቀት ላይ የተጻፈው «የካምቢዮ ዘይት» ብቻ ነበር። ከዕቃ መጫኛው ውስጥ የተገኘው የተረፈው ጠርሙስ ግን ነገሩን ገለጠው፤ ለባለ ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚሆን ተራ ዘይት ነው። ብዙ ሰው ዘይት ሁሉ ለማለስለስ የተሠራ ይመስለዋል። የሲቪቲ ዘይት ፑሊውንና ቺንጋውን ከመፋጨት እየጠበቀ ብረት ብረትን እንዲይዝ ማድረግ አለበት፤ ያው ዘይት በመቆለፊያው ፍሪሲዮን ላይ ሲሆን ደግሞ ሳይንቀጠቀጥ በዝግታ እንዲይዝ ይረዳል። ሁለቱን ተቃራኒ ጠባይ በአንድ ፈሳሽ ማስማማት የኬሚስቶች ድካም ነው፤ አምራቾች በስም ለይተው «ይህን ብቻ» የሚሉትም ለዚሁ ነው። ቀለሙ ግን ምስክር አይሆንም፤ ቀይ ሆኖ ትክክለኛ፣ አረንጓዴ ሆኖ የተሳሳተ ሊኖር ይችላል።

የታችኛው ክዳን ሲወርድ የማየው ማግኔቶቹን ነው። በነጭ ጨርቅ ጠርጌ ያነሳሁት ጥቁር ግራጫ ልጥፍ ነበር። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ሳሸው እንደ ቅባት ተንሸራተተ፤ የሚቧጥጥ ቅንጣት የለውም፣ ወደ ብርሃን ሳዞረውም አላብለጨለጨም። ይህ በዚህ ርቀት ላይ ከሄደ ካምቢዮ የሚጠበቅ ብናኝ ነው። ጣት የሚወጋ ስባሪ ወይም የሚያብረቀርቅ ቅርፊት ቢሆን ኖሮ ጨዋታው እዚያው ያበቃ ነበር፤ ባለቤቱን ጠርቼ ስለ ሌላ ካምቢዮ እንነጋገር ነበር።

ዘይቱን ስለውጥ በኃይል የሚያጥብ ማሽን አልተጠቀምኩም። ከታች ሲቀዳ የሚወጣው ከጠቅላላው ከፊሉ ብቻ ነው፤ የቀረው በኮንቨርተሩና በማቀዝቀዣው ውስጥ ይቀመጣል። ቀድቶ፣ ሞልቶ፣ ሁሉንም የማንሻ ቦታ እያዳረሱ አሠርቶ እንደገና መቅዳት አሰልቺ ቢሆንም ለዚህ ካምቢዮ የሚስማማው እሱ ነው። ፊልትሮው ተቀየረ፣ መጠኑ በ40 ዲግሪ ተስተካከለ።

መንቀጥቀጡ ቀነሰ። ገጭ ማለቱ ግን እንዳለ ነበር። ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህች ላይ ነው፤ መኪናው ተሽሎታል፣ ባለቤቱ ደስ ብሏቸዋል፣ የቀረውን «ራሱ ይማራል» ብሎ መሸኘት ይቀላል። እኔ ጋራዥ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ ወዳጄ ሌላ ሐሳብ አቀረበልኝ፤ የግፊት መቆጣጠሪያውን ሞላ ጠንከር ባለ ቀይረን ግፊቱን ከፍ እናድርገው አለ። ይህ ምክር በየቦታው ይሰማል፣ እኔ ግን አልቀበለውም። ፋብሪካው ቺንጋው እንዳይንሸራተት ከሚያስፈልገው በላይ አስቀድሞ የመጠባበቂያ ጭመቃ ጨምሯል። ከዚያ በላይ ሲጨመር ፖምፓው ከሞተሩ ኃይል ይሰርቃል፣ ዘይቱ ይሞቃል፣ እነዚያ ስስ ቀለበቶችም ያለ ዕድሜያቸው ይደክማሉ። ደግሞስ የትኛው ግፊት እንደጎደለ ሳይለካ ሁሉንም ከፍ ማድረግ ምን ዓይነት ማስተካከል ነው?

ስለዚህ ተለካ። በመለኪያ ቀዳዳው ላይ የግፊት ጌጅ ገጥሜ ጌጁ የሚያነበውን፣ ሴንሰሩ ለኮምፒውተሩ የሚነግረውንና ኮምፒውተሩ ያዘዘውን ጎን ለጎን አየሁ። ሦስቱም ተስማሙ፤ ሲቀዘቅዝም ሲሞቅም። ፖምፓው ቢደክም ኖሮ ዘይቱ ሲሞቅና ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ግፊቱ ወርዶ ይታይ ነበር። ውስጣዊ ማፍሰስ ቢኖርም እንዲሁ ከሙቀት ጋር ይብስ ነበር። ታዲያ ጭመቃው ጤነኛ ከሆነ ለምን ይገጫል?

መልሱ ያለው ኮምፒውተሩ ያንን ትክክለኛ ግፊት ለማግኘት ምን ያህል እንደሚታገል የሚያሳየው ቁጥር ላይ ነበር። ኮምፒውተሩ ግፊት የሚያዘው ወደ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ቫልቭ) በሚልከው ኤሌክትሪክ ነው። ሁለት ሶሌኖይዶች በአንድ ቀን ከአንድ ፋብሪካ ቢወጡም ለተመሳሳይ ኤሌክትሪክ ተመሳሳይ ግፊት አይሰጡም፤ የሞላው ጥንካሬና የቫልቩ ክፍተት በጥቂቱ ይለያያል። ስለዚህ ፋብሪካው እያንዳንዱን ቫልቭ ቦዲ ለብቻው ይለካል። የእያንዳንዱ ሶሌኖይድ መነሻ የት እንደሆነና ኤሌክትሪኩ ሲለወጥ ግፊቱ በምን ልክ እንደሚለወጥ ይመዘግባል። መረጃው በአንዳንድ መኪኖች ኮድ በታተመበት ወረቀት ተለጥፎ ይመጣል፤ በዚህኛው ግን ቫልቭ ቦዲው ላይ በተገጠመች ትንሽ ቺፕ ውስጥ ነው። ኮምፒውተሩ የራሱ ማኅደር ባዶ ሲሆን አንድ ጊዜ ከቺፗ ይገለብጣል። ከገለበጠ በኋላ ተመልሶ አይጠይቅም።

አሁን ነገሩ ግልጽ ሆነ። የቀድሞው ጋራዥ የብልሽት ኮዶችንና የተማረውን ሁሉ አጥፍቷል፤ ይህን የመረጃ ክፍል ግን አልነካውም። በምርመራ ኮምፒውተሩ ላይ የሚታየው የመረጃ መለያ ከተገጠመው ቫልቭ ቦዲ መለያ ጋር አይገጥምም። ኮምፒውተሩ ወጥቶ በተጣለው ቫልቭ ቦዲ ልክ የተተካውን ሲያዝ ነበር የከረመው።

የጭመቃው ግፊት ትክክል መስሎ የታየው ሴንሰር ስላለው ነው። ኮምፒውተሩ ሲስት ያያል፤ ሲያይ ያርማል፤ ስለዚህ ስሕተቱ ይሸፈናል። የወደፊት ፍሪሲዮኑ (ዲ ሲገባ መኪናዋን ወደ ፊት የሚያስኬደው) እና የኮንቨርተሩ መቆለፊያ ግን በዚህ ካምቢዮ ላይ የግፊት ሴንሰር የላቸውም። ኮምፒውተሩ «ይህን ያህል ኤሌክትሪክ ይህን ያህል ግፊት ይሰጣል» ብሎ በመረጃው አምኖ ይልካል። መረጃው የሌላ ሲሆን ፍሪሲዮኑ ዘግይቶ ሞልቶ በኃይል ይይዛል፤ ያ ገጭታው ነው። መቆለፊያውም ግማሽ ይዞ ግማሽ ይለቃል፤ ያ መንቀጥቀጡ ነው። ስሕተቱን የሚያዩት ባለቤቱ በወንበራቸው ላይ ሆነው ነበር።

መማርስ? ካምቢዮው በእርግጥ ይማራል። ፍሪሲዮኑ ሲሳሳ፣ ዘይቱ ሲያረጅ፣ ትንንሽ ለውጦችን እየተከተለ ያርማል። ነገር ግን እርማቱ በመነሻው መስመር ዙሪያ የተወሰነ ወሰን አለው፤ ያ ወሰን የተሠራው ለእርጅና እንጂ ለሌላ ሰው መረጃ አይደለም። እዚህ ላይ የፍሪሲዮኑ እርማት ወሰኑ ላይ ደርሶ ቆሞ ነበር። ከዚያ በኋላ ሺህ ኪሎ ሜትር ቢነዱት አንዲት ነገር አይጨምርም።

የድሮውን መረጃ ማጥፋቱና ትክክለኛውን ከቺፗ ማስነበቡ ራሱ አጭር ሥራ ነው፤ ጥንቃቄው ይረዝማል። ባትሪው በመሃል እንዳይደክም ቻርጀር ተሰክቶ ቆየ፤ ማኅደር እየተጻፈ ቮልቴጅ ሲወርድ ኮምፒውተሩን ማጣት አለ። የድሮው መረጃ ከመጥፋቱ በፊት ፎቶግራፍ ተነሥቶ ተቀመጠ። ከዚያ የአምራቹ መመሪያ በሚለው የማንሻና የፔዳል ቅደም ተከተል ማኅደሩ ተሰረዘ፣ ቁልፉ ጠፋ፣ ተጠበቀ፣ እንደገና ተከፈተ። በዚህ ሞዴል መረጃው በትክክል ከተነበበ ዳሽቦርዱ ላይ ፒ የሚለው ምልክት ይበራል። በራ። መለያዎቹም ገጠሙ።

ከዚህ በኋላ ነው ማስተማር ትርጉም የሚኖረው። የፍጥነት ለውጥ ሴንሰሩ ዜሮ ደልዳላ ቦታ ላይ ተወሰደ፤ ዘንበል ያለ መሬት ላይ የተወሰደ ዜሮ መኪናዋን ሁልጊዜ ዳገት ላይ ያለች ያስመስላታል። ዘይቱ በመመሪያው ሙቀት ላይ ሲደርስ፣ ፍሬን ተረግጦ፣ ማንሻው ከኤን ወደ ዲ፣ ከኤን ወደ አር በዝግታ ተመላለሰ፤ በእያንዳንዱ መካከል ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ እስኪለቅ ጥቂት ተቆየ። መቸኮል እዚህ ያበላሻል። በመጨረሻም ወደ መንገድ ወጥቼ በስሱ እያፈጠንኩ፣ ፍሬን ሳልነካ ፍጥነቷን በራሷ እንድትቀንስ እየተውኩ ነዳሁ። የወደፊት ፍሪሲዮኑ እርማት ከወሰኑ ወርዶ ወደ መሃል ተመለሰ። ገጭታው ጠፋ፤ ከኤን ወደ ዲ ስትገባ የሞተሩ ዙር በጥቂቱ ዝቅ ከማለቱ በቀር የሚሰማ ነገር የለም።

መንቀጥቀጡ ግን ሙሉ በሙሉ አልሄደም። ዘይቱ ሲሞቅ የለም፤ ማለዳ ሲቀዘቅዝ፣ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ለጥቂት ሴኮንድ የሚሰማ ስስ ንዝረት ቀርቷል። በተሳሳተ ዘይትና በግማሽ ግፊት ሲንሸራተት የከረመ መቆለፊያ ፍሪሲዮን ፊቱ መስታወት መስሎ ይጠነክራል፤ ያንን መረጃም ዘይትም አይመልሰውም። ለባለቤቱ እንደ ወረደ ነገርኳቸው። «ታዲያ ጨርሰህ አላስተካከልከውማ?» አሉኝ። «ካምቢዮውን አስተካክዬዋለሁ፤ የተበላ ፍሪሲዮን ግን የሚለወጥ እንጂ የሚስተካከል አይደለም። ለእሱ ካምቢዮውን አውርዶ ኮንቨርተሩን መቀየር ያስፈልጋል። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን አሁን አላወርደውም» አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና ተስማሙ።

ወረቀቱ ላይ የዘይቱ ሙሉ ስም፣ መጠኑ የተወሰደበት ሙቀት፣ የቫልቭ ቦዲውና የመረጃው መለያ ቁጥር፣ የፍሪሲዮኑ እርማት የቆመበት ዋጋ ተጻፈ። ከዚህ በኋላ የሚከፍታት መካኒክ ማንም ይሁን ማን ከባዶ አይጀምርም። ዘይቱ አምራቹ ለከባድ አገልግሎት ከወሰነው ርቀት ሳያልፍ እንደገና ይለወጣል፤ ያን ጊዜ በማግኔቶቹ ላይ ያለው ልጥፍ ከአሁኑ ጋር ይነጻጸራል። ንዝረቱ በሞቀ ዘይትም መሰማት ከጀመረ ወይም በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ከተከተላቸው ሳይነዱ እንዲደውሉልኝ ነግሬያቸዋለሁ፤ ያን ጊዜ ኮንቨርተሩ ይወርዳል።